ጉዳዩ፦ «ኤሌክትሪክ አይፈልግም» ተብሎ የተሸጠልኝን ጀነሬተር በሶኬት እንድሞላ ስለ መታዘዜ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ከዚህ ቀደም በተደጋጋሚ ያቀረብኋቸው አቤቱታዎች በእጃችሁ ስለሚገኙ የግዢውን ዝርዝር አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ማክሰኞ የላካችሁት ባለሙያ የተናገሩኝ ነገር ነው።

ባለሙያው የጀነሬተሩን የታሸገ የብረት ሳጥን በፊቴ ከፍተው፣ የሚያመነጨውን ኃይል በመለኪያ አሳይተውኝ፣ የማይሠራ ከሆነም በዕለቱ አንሥተው ሌላ እንደሚተኩልኝ የክፍላችሁ ሠራተኛ በስልክ አረጋግጠውልኝ ነበር። ሆኖም ባለሙያው መለኪያም መፍቻም ሳይዙ መጡ። ሳጥኑ እንዲከፈት ስጠይቃቸው «ማኅተሙ ከተነካ ውስጡ ያለው ረቂቅ ኃይል ይበተናል» አሉኝ። ከዚያም መዳፋቸውን በሳጥኑ ላይ ጭነው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ ማሽኑ አልነሣ ሲላቸው፣ «ኃይሉ ተጠራጣሪ ሰው ባለበት አይነቃም» በማለት ጥፋቱን ወደ እኔ አዞሩት። ይህንንም በትዕግሥት አለፍሁት። ላልፈው ያልቻልሁት ሲወጡ በር ላይ ቆመው ያሉኝን ነው፦ «ለማንኛውም ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ይነቃል።»

ክቡር ኃላፊ፣ ነዳጅም ፀሐይም ኤሌክትሪክም ሳይፈልግ፣ በአየር ውስጥ ያለውን ረቂቅ ኃይል እየሳበ ያለማቋረጥ 2 ኪሎዋት ይሰጣል ያላችሁት ማሽን ከሶኬት የሚሞላ ከሆነ፣ የሸጣችሁልኝ ባትሪ ነው። ይህንኑ ለባለሙያው ስነግራቸው የሶኬቱ ኤሌክትሪክ «መቀስቀሻ እንጂ ምግቡ አይደለም» አሉኝ። እንዳሉኝም ሰክቼ አሳደርሁት። ጠዋት በእርግጥ ነቃ፤ ሙሉ ጭነት ሲደረግበት ግን ከግማሽ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ጠፋ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ የሚይዘው 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ 2 ኪሎዋት ከተሳበበት ቢበዛ በ36 ደቂቃ ያልቃል። ሳጥኑ የማይከፈትበትን ምክንያት ከዚህ በላይ እንዲያብራሩልኝ አልጠይቅም።

የሽያጭ ሠራተኛችሁ ደግሞ ነገሩ «ሳይንስ ገና ያልደረሰበት» መሆኑን በጽሑፍ መልሰውልኛል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በራሱ ለዘላለም ይሠራል የሚባል ማሽን ቢቀርብለት እንደማይመረምር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። በ1813 ኒውዮርክ ውስጥ ቻርልስ ሬድሄፈር የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ማሽን በክፍያ ሲያሳይ፣ መሐንዲሱ ሮበርት ፉልተን የአዟዟሩን መዛነፍ አስተውሎ ሳንቃውን ቢገነጥለው፣ በግድግዳው ውስጥ የተሳበ ቀበቶና ሰገነት ላይ ተቀምጦ እጀታ የሚያዞር ሽማግሌ ተገኝቷል። የዚያ ማሽን እንኳ ተመልካች እስካለ ድረስ ይዞር ነበር፤ የእናንተ ግን ይህንንም አላሟላም።

ጉዳዩን ካነሣሁ አይቀር፣ የማራገቢያው ጩኸት መስኮት ተዘግቶም እንቅልፍ እንደሚነሣ ከመጀመሪያው አመልክቼ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። የዋስትና ወረቀቱም «በተጠቃሚው አሉታዊ ስሜት የሚደርስ ብልሽት» ዋስትና እንደማይሸፍነው ይገልጻል። ይህን አንቀጽ ያረቀቀውን ሰው ማወቅ እሻለሁ። ስለዚሁ ለመጠየቅ ስደውልም ንግግሬን ሳልጨርስ ስልኩ ተዘግቶብኛል።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ምትክ ማሽን ነበር፤ አሁን ግን ምትኩን አልፈልግም። የከፈልሁት ገንዘብ በሙሉ ከማጓጓዣው ወጪ ጋር እንዲመለስልኝ፣ ሳጥኑ እኔ በምመርጠው ገለልተኛ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፊት እንዲከፈት፣ ስለ ጥርጣሬዬ ለተነገረኝ ቃልም በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠየቅ እጠይቃለሁ። «ኤሌክትሪክ አይፈልግም» የሚለው ማስታወቂያም ሌላ ሰው ሳይገዛ ይነሣ። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልተሰጠኝ ጉዳዩን ከነማስረጃው ለሸማቾች ጥበቃ አካልና ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ። እስከዚያው ያንኑ ባለሙያ ዳግመኛ እንዳትልኩብኝ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ