ልጄ፣ ምግብሽን አትቀንሺ

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? በስልክ ያልጮህኩብሽ ነፍሰ ጡር ማስደንገጥ ስለማልወድ ነው። እህትሽ ትናንት ከቱሉ ዲምቱ ስትመለስ ሁሉንም ነገረችኝ። ሰባተኛ ወርሽን ይዘሽ የጨመርሽው 4 ኪሎ ብቻ ነው አለች። ግማሽ እንጀራ ቀማምሰሽ እጅሽን ትታጠቢያለሽ፤ "ልጁ እንዳይፋፋ፣ ምጥ እንዳይጠናብኝ" እያልሽ። ልጄ፣ ምግብሽን አትቀንሺ።

ማን እንደመከረሽ አልጠይቅም። እኔንም መክረውኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሳረግዝ ወተትና ሙዝ "ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል" ብለው ከለከሉኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ምጥ ፈርቼ እሺ አልኩ። ምጡ ግን አልቀለለኝም፤ ሁለት ሌሊት ያዘኝ። ሲወለድ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ቢጫ የክር ኮፍያ ታውቂያታለሽ። ለሱ ነበር የሠራኋት። ባጠልቅለት አፍንጫው ድረስ ወረደች። ሁለቴ አጠፍኳት፣ አሁንም ወረደች። ጡት ለመሳብ እንኳ አቅም አልነበረውም። ክርስትና ሳይነሳ በ11ኛው ቀን አጣሁት። ሐኪሙ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል ብሎኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳልጨርስ የመለስኩት ሳህን ይታየኛል።

አንቺን ሳረግዝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የሚጨምረው ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም። ልጁ አለ፣ እንግዴ ልጁ አለ፣ የሽርት ውኃው አለ፣ ደምሽ ራሱ ይጨምራል። አንቺ ስታረግዢ 52 ኪሎ ነበርሽ። ቁመቷና ኪሎዋ የተመጣጠነ ሴት እስክትወልድ ከ11 ተኩል እስከ 16 ኪሎ ትጨምራለች፤ ከአራተኛው ወር ወዲህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ግድም። ቀድሞ ወፍራም ለሆነች ያንሳል። አንቺ ግን ወፍራም አይደለሽም!

የሁለት ሰው ብዪ አላልኩም። ያለፈውንም በአንዴ ለማካካስ አትሞክሪ። በምሳና በራት መሃል አንድ ጨምሪ። ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመን። ክትፎ ካማረሽ በደንብ ይብሰል፣ ጥሬ እንዳትነኪ። የአይረን ክኒንሽን ዋጪ፤ ከቡናና ከሻይ ግን አራርቂው፣ ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋል። በፆሙም አትሟገቺኝ። የንስሐ አባታችንን ሄጄ አነጋግሬያለሁ፣ "ትብላ" ብለዋል። አባ ካሉ አለቀ፤ ምግብሽን አትቀንሺ።

ደግሞ ስሚኝ። ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘብሽ፣ ያ ውፍረት አይደለም፤ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ባልሽን ቀስቅሰሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የማክሰኞ ቀጠሮሽን እንዳትዘዪ። ክንድሽን በሜትር ሲለኩሽ ቁጥሩን ጠይቂ፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ምግብ አንሶሻል ማለት ነው። ያኔውኑ ደውዪልኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ከቡራዩ እነሳለሁ። በሶና የገንፎ ዱቄት አስፈጭቻለሁ፣ ቅቤውም ተነጥሯል። ባልሽ ታች ወርዶ ይቀበለኝ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ አልችለውም። ቢጫዋን ኮፍያ አላመጣትም። አዲስ ክር ገዝቻለሁ፤ ሰፋ አድርጌ ነው የጀመርኩት።

እናትሽ