ሦስቱ ሳምንት «የሚባክን ጊዜ» አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ሒሳብ ለካንሰር ሕክምና ስለሚሰጠው ጥቅም ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሒሳብ በጋዜጣ ሲነሣ ከማንም በላይ ደስ ይለኛል። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አልቻልኩም። በሁለት የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ዙሮች መካከል ያለውን ሦስት ሳምንት «የሚባክን ጊዜ» ብላችሁታል። መድኃኒቱ ያለ እረፍት በከፍተኛ መጠን ቢሰጥ እንደሚሻልም «ሒሳቡ አረጋግጧል» ብላችኋል።

የትኛው ሒሳብ?

የጠቀሳችሁት ኦፕቲማል ኮንትሮል፣ ማለትም ወሰን ሳይጣስ ከሁሉ የተሻለውን አካሄድ የሚፈልገው የሒሳብ ዘርፍ፣ መሠረቱን የጣሉለት ሶቪየታዊው የሒሳብ ሊቅ ፖንትሪያጊንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ1950ዎቹ፣ እ.ኤ.አ.። ለካንሰር ሲውል አንዱ እኩልታ የዕጢውን እድገት ይከተላል። ሌላው ደግሞ የደም ሴል የሚሠራበትን መቅኒ ወይም በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች። መድኃኒቱ ሁለቱንም ይመታል። የሚፈለገው መልስ ዕጢውን እያሳነሰ ሴሎቹን ከአደጋ ወሰን በታች የማያወርድ የአሰጣጥ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛውን እኩልታ ከሰረዛችሁት እውነትም መልሱ «ያለ እረፍት፣ በሙሉ ኃይል» ይሆናል። በሽተኛውን አውጥታችሁ ዕጢውን ብቻ አክማችኋል ማለት ነው።

ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ከተሰጡ በኋላ ነጭ የደም ሴል በጣም የሚያንሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ማገገም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል የሚመጣ ትኩሳት ሰው ይገድላል። ዘጋቢያችሁ ይህን አንድ ነርስ ቢጠይቅ ኖሮ በደቂቃ ይነገረው ነበር።

ዙሮቹ ፈጽሞ አይቀራረቡም አላልኩም። ማቀራረቡ ይሻላል የሚለው የተመራማሪዎቹ የኖርተንና የሳይመን ሐሳብ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ዕጢ ሲያንስ ከመጠኑ አንጻር ፈጥኖ ያድጋል ከሚለው የጎምፐርዝ ቀመር ይነሣል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የጡት ካንሰር ጥናትም ሦስት ሳምንቱን ወደ ሁለት ሲያወርድ የተሻለ ውጤት አግኝቷል። ግን የአንዱ ዙር መጠን አልተጨመረም። ነጭ የደም ሴል የሚያነሣሣ መርፌም አብሮ ተሰጥቷል። ይህ ሁሉ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነው። የእናንተ ዘገባ ስለ መርፌው አንድ ቃል የለውም።

አሁን ለምን እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። አክስቴ መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው የምትኖረው። የጡት ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ እየተመላለሰች ትታከማለች። ዘገባችሁን የጎረቤት ልጅ ከስልኩ አነበበላት። ወዲያው ደወለችልኝ። «አንተ የሒሳብ አስተማሪ አይደለህ? ሦስት ሳምንት የሚያስቀምጡኝ ድሃ ስለሆንኩ ነው?» አለችኝ። ስታለቅስ ነበር። በሐኪሟ ላይ የነበራትን እምነት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ናዳችሁት። ማን ይጠግንላችሁ? እኔ በስልክ? ሞክሬያለሁ፤ ግማሹን አምናኛለች። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ» ትላለች።

የባከነ ጊዜ ካማራችሁ ልጠቁማችሁ። አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ነው። ሌሊት ተነሥታ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ስትደርስ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብላለች። ገንዘቡ እስኪሞላ ዙሩ አለፈ። መንገድ ተዘግቶ የቀረችበትም ጊዜ አለ። ዕጢው ግን አይጠብቅም፤ ያው የጎምፐርዝ ቀመር ነው የሚለው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመላለስ በሽተኛ የሚኖረው በዚህ ውስጥ ነው። ቀጠሮ ሲዛባ ቀመሩ ምን እንደሚል ብትጠይቁ የኛም ሰው በዘገባው ውስጥ ይገኝ ነበር። ደግሞም ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። የአክስቴ ቀጣይ ዙር የፊታችን ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ይድረስላት።

የሒሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን