መርከብህ ካቆምክበት አልተነቃነቀችም

ይድረስ ለወዳጄ ለኮማንደር፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለፈው እማማን ፒያሳ አግኝቻቸው ነበር። «ያ ልጅ ለአንተስ ይደውላል?» አሉኝ። «ሥራ በዝቶበት ነው» ብዬ ሸፈንኩልህ። ውለታዬን መዝግብልኝ።

ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አልከራከርህም። የምጽፍልህ ወሬው በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ወሬው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ስለዚያ ጌም ነው።

አዎ፣ ኢሊት ዴንጀረስ፣ ያ የኅዋ መርከብ የምንነዳበት። አሁንም እጫወታለሁ። ቀን ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ነው። የማራኪ ካምፓስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያመጣው በመጨረሻው ቀን እንደሆነ ታውቃለህ፣ እሱ አልተለወጠም። ማታ መብራትና ኔት አብረው ከተገኙ ወደ ኅዋ እወጣለሁ። «አብረው» የምትለዋን አስምርባት። ይህ ጌም ብቻህን ስትጫወት እንኳ ያለ ኔት አይከፈትም።

ግን እኔ ያኔ የምታውቀኝ ዓይነት ተጫዋች አይደለሁም። መተኮስ ትቻለሁ። አሁን ሥራዬ ማየት ነው። አንተ ከተውክ በኋላ ማየት ራሱ ተለውጧል፣ ለዚህ ነው ልነግርህ የጓጓሁት።

በአንተ ጊዜ አዲስ ሥርዓተ ኮከብ ውስጥ ስንገባ ያችን ጥሩምባ፣ ዙሪያውን የምትቃኘውን ስካነር ማለቴ ነው፣ እንነፋ ነበር። ካርታው ላይ ያሉት ሁሉ ብቅ ይላሉ። ከዚያ መርከቧን እያንዳንዱ ፕላኔት አጠገብ ወስዶ አፍንጫዋን ማስፈጠጥ ነው። ሁለተኛው ኮከብ ሩቅ ከሆነ አንተ መሪውን ለእኔ ትተህ ማኪያቶ ጠጥተህ ትመለስ ነበር። መርከቧ ገና አልደረሰችም።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይህን ሁሉ አፍርሰው ሠሩት። ጥሩምባው አሁንም አለ፤ ስንት አካላት እንዳሉ ይነግርሃል፣ ምን እንደሆኑ ግን አይነግርህም። እሱን ለማወቅ ፍጥነትህን ወደ ዜሮ አውርደህ ስካነሩን ትከፍታለህ። ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል። ከታች አንድ የሞገድ መስመር ተዘርግቷል፤ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያሉ ምልክቶች አሉበት። ድንጋያማዎቹ ወደ ግራ፣ ግዙፎቹ የጋዝ ፕላኔቶች ወደ ቀኝ ጥግ፣ ምድርን የሚመስሉት በመካከል። መቃኛውን አንዱ ጉብታ ላይ ታደርሳለህ። ከዚያ ሰማዩን ታስሳለህ። የሚንቦገቦግ ነገር ስታገኝ ታጎላዋለህ፣ ተስተካክለህ ከሆነ ፕላኔቱ ከነስሙ ይከፈትልሃል።

አባትህ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲፈልጉ ትዝ ይልሃል? በፉጨቱ መሃል የሰው ድምፅ እስኪጠራ ቁልፉን በፀጉር ስፋት ያህል ሲያንቀሳቅሱ? ልክ እንደዚያ ነው። ጆሮ ያስፈልገዋል ስልህ ደግሞ ቃል በቃል ነው። እያንዳንዱ የፕላኔት ዓይነት የራሱ ድምፅ አለው። የጋዙ ግዙፍ ያጉረመርማል። ምድር መሳዩ ሌላ ነው፣ አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም። አሁን ምስሉ ሳይከፈት በድምፁ ብቻ እየለየሁ ነው። በኅዋ ውስጥ ድምፅ የለም ልትል ነው፣ አውቃለሁ። አፍህን ያዝ።

የድሮ ተጫዋቾች አጉረምርመው ነበር። ቁጭ ብሎ ቁልፍ ማዞር ጉዞን ገደለ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ያኔ የምናደርገው ጉዞ ሳይሆን ጥበቃ ነበር። አሁን ቢያንስ እጅህም ጆሮህም ሥራ አላቸው።

አንተን የሚያስደስትህ ግን ሁለተኛው ደረጃ ነው። የፕላኔቱን ገጽ ሙሉ ካርታ ማንሳት ከፈለግህ ቀርበህ ፕሮብ የሚሉትን ትንሽ መመርመሪያ ትተኩሳለህ። ቀጥ አድርገህ ከተኮስክ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ያነሳልሃል። የጀርባውስ? ጠርዙን አልፎ እንዲሄድ ወደ ውጭ አነጣጥረህ ትለቀዋለህ። ስበቱ ይዞ ያጥፈዋል፣ ዞሮ ከኋላ ያርፋል። ፕላኔቱ ከባድ ሲሆን መንገዱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ትንሽ ጨረቃ ላይ ከሆነ እምብዛም አይታጠፍም። ጌሙ «በዚህን ያህል ፕሮብ ከጨረስክ» ብሎ ጉርሻ ይሰጥሃል። የጋዝ ግዙፍ ላይ እኔ እየተሳካልኝ ነው፣ አንተ ግን የፊዚክስ መምህር ነህና በመጀመሪያው ምሽት ትበልጠኛለህ ብዬ እፈራለሁ።

ስለ ፊዚክስ ካነሳን፣ ያ የሙቀት ክርክራችን አላለቀም። የመርከቧ ሴንሰር የሚያየው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ መርከብ ከሩቅ አትታይም። የሙቀት መውጫዎቹን ዘግተህ «ዝም ብለህ» ከሄድክ ከራዳር ትጠፋለህ፣ ግን ሙቀቱ ውስጥህ ይጠራቀምና መርከቧ ራሷን ትቀቅላለች። አንተ «ኅዋ ላይ ሙቀት አይደበቅም፣ ጨረር ሆኖ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም» ትል ነበር። ልክ ነህ። ግን የጌሙ ሠሪዎች ግማሹን እውነት ይዘዋል። ጀምስ ዌብ የተባለውን የኅዋ ቴሌስኮፕ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነው ያመጠቁት። ባለ አምስት ንብርብር የፀሐይ መከላከያ ያለበሱት፣ ከዜሮ በታች 223 ዲግሪ ድረስና ከዚያም በላይ እንዲቀዘቅዝ ነው። የሚያየው ኢንፍራሬድ ስለሆነ፣ ራሱ ከሞቀ የራሱ ሙቀት ያሳውረዋል። እውነተኛው ኅዋ ላይ መቀዝቀዝ ያለበት የሚያየው ነው። ጌሙ ውስጥ መቀዝቀዝ ያለበት የሚደበቀው። መልስህን እጠብቃለሁ፣ በደብዳቤ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከመሪው ፊት ያለችው ክብ ራዳር ግን አልተነካችም። አንተ መሃል ላይ ነህ፣ ከበላይህ ያለው ነገር እግሩ ወደ ታች፣ ከበታችህ ያለው እግሩ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ እውነተኛ ሰው፣ የተሞላ ከሆነ ኮምፒውተሩ ነው። ወደ ሦስት ማዕዘን ከተለወጠ መሣሪያ አውጥቷል ማለት ነው፣ ሩጥ። ይህችን ራዳር ዴቪድ ብራበንና ኢያን ቤል የሚባሉ የካምብሪጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው በመጀመሪያው ኢሊት ላይ ሠሯት። ያኔ የሠሩበት ቢቢሲ ማይክሮ የሚባል ኮምፒውተር 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። ሱቄ ውስጥ ያለው አሮጌ ፕሪንተር ከዚያ ይበልጣል።

ጋላክሲው ያው ነው፣ 400 ቢሊዮን ሥርዓተ ኮከብ። ከእነሱ ወደ 160,000 የሚሆኑት ከእውነተኛ የከዋክብት መዝገብ የተወሰዱ ናቸው፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ በቀመር አስልቶ ሞልቶታል። ቀመሩ ሞኝ እንዳይመስልህ። ትራፒስት 1 የተባለችው ኮከብ ሰባት ድንጋያማ ፕላኔቶች እንዳሏት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሲነገር፣ ሠሪዎቹ ካርታቸውን ከፈቱ። እዚያው አካባቢ፣ ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ፣ ሰባት ዓለማት ያሏት ደብዛዛ ኮከብ ጌሙ ቀድሞ አስቀምጦ ነበር። አስተካክለው በእውነተኛ ስሟ ጠሯት።

እኔ አሁን ወደ ጋላክሲያችን፣ ወደ ፍኖተ ሐሊብ መሃል ሄጄ እየተመለስኩ ነው። ከፀሐይ ወደ 26,000 የብርሃን ዓመት ነው። የሚገርመው፣ ያ መሃል ከጎንደር ሰማይ ላይ በደንብ የሚታየው በክረምት ምሽት ነው። ያኔ ደግሞ ደመናው መች ይገልጥና። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ገና ሲመሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ ትደርስበታለህ፣ መብራት ከሄደ ማለት ነው። መብራት መሄዱን የምመርቀው ለዚህ ብቻ ነው።

በመንገዴ ማንም ያልደረሰባቸው ሥርዓቶች አገኘሁ። አንዱ ጋ ቀለበት የታጠቀ የውሃ ዓለም አለ። ጣቢያ ደርሼ የቃኘሁትን ዳታ ስሸጥ «መጀመሪያ ያገኘው» በሚለው ላይ ስሜ ይሰፍራል። እስከዚያ ግን መርከቧ ከፈነዳች ሁሉም ይጠፋል። እንዳለ።

እዚህ ላይ የምወደውን ነገር ልንገርህ። ሰው ወዳለበት አካባቢ ስትቃረብ ሽፍቶች ያገኙሃል። መጀመሪያ ጭነትህን ስካን ያደርጋሉ። «ስካን እየተደረግህ ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እኔ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። የጭነት ክፍሌ ባዶ ነው። ዳታውን የእነሱ ስካነር አያየውም፣ ሊነጥቁትም አይችሉም። ብዙውን ጊዜ ተሳድበው ይሄዳሉ። የያዝኩት ዋጋ ግን ከመርከቧ ይበልጣል። ባለፈው ይህ ሲሆን ጮክ ብዬ ስለሳቅኩ ጎረቤቴ «ምነው፣ ሎተሪ ደረሰህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ለአንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነገሬም እሱ ነው። የሚሰማኝ ሰው አጣሁ። ጌም የሚያውቁት ልጆች እግር ኳሱን እንጂ ይህን አይነኩትም፤ አሰልቺ ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ ያሰለቻል። አንተ ግን ይህ ዓይነቱ መሰልቸት ይስማማህ ነበር።

የይለፍ ቃልህ አሁንም እኔ ዘንድ ባለው ደብተር ላይ ነው፣ በዚያ በአስቀያሚ ጽሕፈትህ። ካስፈለገህ በስልክ አነብልሃለሁ። ጌሙ እንደ አዲስ ሲወርድ ከባድ ነው፣ ሌሊት ላይ ጫነው። ኮብራ መርከብህ ካቆምክበት ጣቢያ አልተነቃነቀችም፣ ኪራይም አልቆጠሩባትም። እኔ የምሸጥበትን ጣቢያ ስም እልክልሃለሁ፤ እዚያ እንገናኝና የውሃውን ዓለም አብረን እንመለስበት። የሚመችህን ቀን ጻፍልኝ። አርብ ማታ ከሆነ ሱቁን ቀደም ብዬ እዘጋለሁ።

ከመነሳትህ በፊት ግን ያን ሁሉ መድፍ ከመርከብህ አውርድ። ክብደት ነው፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትዘልበትን ርቀት ያሳጥረዋል። ይልቁንም የፕሮብ ስካነር ግጠም፤ ከኮከብ ነዳጅ መቅጃውንም እንዳትረሳ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ለእማማም ዛሬውኑ ደውል።

ወንድምህ፣ ከጎንደር