አደይ ሳያልቅ

ባሕር ዳር፣ መስከረም 24

ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። እማማ ሲያርፉ አልጋ ይዤ ነበር፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ከተሻለኝ በኋላ ደግሞ ነገ ዛሬ ስል ጊዜው ሄደ። ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። አፈርኩ፣ ዓለሜ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው እሑድ በእግሬ ቤዛዊት ወጣሁ። ከታች ዓባይ ጢም ብሎ ይወርዳል፤ ዳገቱ ቢጫ ለብሷል። እዚያ ቆሜ እማማ ፊቴ ድቅን አሉ። እንግጫ ነቀላ ይዘውን የሚወጡት ትዝ ይልሻል? የዓመቱ መጨረሻ ቀን ነው፤ ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ያርሰዋል። እንግጫውን ከነሥሩ እንነቅላለን፣ እሳቸው ይጎነጉኑታል፣ መሃል መሃሉ ላይ አደይ ይሰኩበታል። አደይዋን ግን ከሥሯ ስንነቅል ካዩን ይቆጡን ነበር። «አንገቷን ብቻ!» ይሉን ነበር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አደይ ያንድ ክረምት ተክል ናት። አብባ፣ ዘርታ ትደርቃለች። የከርሞዋ የምትበቅለው ዘንድሮ ከወደቀው ዘር ነው። እኔ ደግሞ አጥሬ ሥር ያለውን ሣር ሁለት ዓመት በተከታታይ ልክ በመስቀል ሰሞን አሳጨድኩት። ግቢው ጸዳ ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ዓመት አንዲት አደይ ሳትወጣ ቀረች። መስከረም ጠብቶ ግቢዬ ውስጥ ቢጫ ነገር ሳጣ እንዴት እንደከፋኝ ልነግርሽ አልችልም።

ቤዛዊት ላይ አንዷን ቀጥፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና በጥፍሬ ፈለቀቅኳት። አደይ እኮ አንድ አበባ አይደለችም! ዙሪያዋን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው አበባ ነው። መሃል ላይ ያለችው ክብ ደግሞ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የቆሙባት ናት። ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ተራ በተራ ይከፈታሉ። የዳሮቹ ፍሬ አይዙም፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው። ዘሩ ያለው መሃል፣ ከነዚያ ከማይታዩት ዘንድ ነው። አንድ ንብ አጠገቤ መጥታ እግሯ ቢጫ እስኪሆን አንዷ አበባ ላይ ስትዞር ቆየች። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከዚህ እና ከኑጉ አበባ ነው የሚመጣው። ኑግም ሱፍም የአደይ ዘመድ ናቸው። ያ ከቀሚሳችን ጫፍ ስንለቅመው የምንውለው ጭጎጎት ሳይቀር የቅርብ ዘመዷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አምና ኅዳር እናንተ ሰፈር ሄጄ ነበር። ቤቱን ሌሎች ሰዎች ተከራይተውታል። አጥሩ ግን ያው ነው፤ ሥሩ የእማማ አደይ ደርቃ ቆማለች። ሴትዮዋን አስፈቅጄ ዘሯን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መጣሁ። ሰኔ ላይ ግቢዬ በተንኩት፤ ዘንድሮ አጥሬ ሥር ወገብ ድረስ ደርሳ አብባለች። ያየሁ ቀን ነው ልጽፍልሽ የወሰንኩት።

ከተረፈኝ ዘር ግማሹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ጠቆር ያለ፣ ቀጭን ነው፤ ገለባ መስሎሽ እንዳትጥዪው። አዲስ አበባም ቢሆን ትሆናለች። ዝናቡ ሲጠና አፈሩን ጫር ጫር አድርገሽ በትኚው፣ አትቅበሪው። ከዚያ ኅዳር እስኪያልፍ ማንም እንዳያጭደው።

ግማሹን እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ። ከፈቀድሽልኝ እማማ ያረፉበት ዙሪያ ልበትነው እፈልጋለሁ። ያላንቺ ቃል አላደርገውም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደውዪልኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው።

ያንቺው