ከአማልክቱ አትጀምሪ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ይዤ እስከ ዛሬ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። የልቦለድሽን ንድፍ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሺህ ዓመት በፊት ከነበሩት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ ከቫይኪንጎች ተነስተሽ የራስሽን ሕዝብ ከነወጉና ከነእምነቱ ለመፍጠር ማሰብሽን ወድጄዋለሁ። ስለወደድኩትም የጎደለውን ሳልሸፍን እጽፍልሻለሁ።

ንድፍሽ አሥራ ሁለት አማልክት ዘርዝሮ ይጀምራል፤ ይህ የጦር፣ ያ የመብረቅ፣ ይህች የፍቅር እያለ። ቀጥሎ ጀግኖቹ ቀንዳም የራስ ቁር ደፍተው ይመጣሉ። ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደሚያርስላቸው፣ በረዶው ስንት ወር እንደሚተኛባቸው ግን አንድ መስመር የለም። አማልክቱ ከሰማይ ዱብ ያሉ የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የሚያያይዛቸው ገመድ የለም።

ቀንዱን አሁኑኑ አውጪው። ያን መልክ በዓለም ያስፋፋው በ1876 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ጀርመን ውስጥ ባይሮይት ላይ ለታየ ኦፔራ የተነደፈ ልብስ ነው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ የተገኘው የቫይኪንግ ዘመን የብረት ቁር ቀንድ የለውም፤ ዓይንና አፍንጫን እንደ መነጽር የሚጋርድ ብረት ነው ያለው። «ቫይኪንግ» የሚለውም ቃል የሕዝብ ስም አልነበረም፤ በባሕር ለዘረፋ የወጣ ሰው መጠሪያ ነበር። አብዛኛው ሰው ገብስ የሚዘራ፣ በግና ላም የሚያረባ፣ ዓሣ የሚያደርቅ ገበሬ ነበር። ሕዝቡን በሙሉ ተዋጊ ካደረግሽው በሁለተኛው ዓመት በረሃብ ያልቃል፤ አንባቢም ይህን ባይናገረውም ይሰማዋል።

የምመክርሽ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ምን ያንሳቸዋል ብለሽ ጠይቂ። ቀጥሎ ያ ያነሰው ነገር በማን እጅ ነው? በምን ይማማላሉ? ምን ማድረግ ነውር ነው? የሞተውስ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን በዚሁ ተራ ከመለስሽ አማልክቱ ሳትጠሪያቸው ይመጣሉ።

አይስላንድን ውሰጂ። ለረጅም መርከብ የሚሆን ዛፍ አይበቅልባትም ነበር፤ ማዕበል ዳር የሚያወጣው ግንድ የማን እንደሆነ ሕግ የሚወስነው ስለዚህ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ874 የሰፈረው ኢንጎልፍ አርናርሶን ከኖርዌይ ይዟቸው የመጣቸውን የአባወራ ወንበር ምሰሶዎች ባሕር ላይ ጥሎ፣ ማዕበሉ ባወጣቸው ቦታ ሊሰፍር ተሳለ። ባሮቹ ለዓመታት ፈልገው ያገኟቸው ዛሬ ሬይክያቪክ ያለችበት ላይ ነው። እንጨት፣ ባሕር፣ ቤት፣ ስለት፣ ሁሉም በአንድ ድርጊት ውስጥ ገቡ።

አሁን ከዚህ ተነስተሽ የራስሽን ሥሪ። ዛፍ ፈጽሞ የሌለባት ደሴት አስቢ። ሰዎቹ ቆሞ ያለ ዛፍ አይተው አያውቁም፤ እንጨት የሚያውቁት ባሕር ሲያመጣው ብቻ ነው። ስለዚህ ደን ከባሕር ሥር እንዳለ፣ የሚንከባከቡትም የሰጠሙት ሰዎች እንደሆኑ ያምናሉ። ዳር የሚወጣው ግንድ ከሙታን የመጣ ስጦታ ነው። እሳታቸው የኩበትና የደረቀ የባሕር ሣር ነው፤ ደህና እንጨት ማንደድ ደግሞ የዘመድን ሬሳ እንደመንካት ያለ ነውር ነው። መሐላ የሚፈጸመው የቤቱን ምሰሶ በመዳፍ ይዞ ነው። የሰጠመ ሰው መንገዱን ያውቃል፤ ችግሩ አልጋው ላይ የሞተው ነው። እሱ ወደ ደኑ ለመግባት መዳፍ የምታህል እንጨት በእጁ መያዝ አለበት። ድሃ ቤተሰብ ያቺን ቁራጭ ከሀብታም ይበደራል፤ ዕዳው ለልጅ ይተላለፋል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ሲቀደድበት ከመቃብር ያወጣትን ቁራጭ ይለጥፍባታል። እነሆ ታሪክ ተጀመረ፤ የአንድም አምላክ ስም ግን እስካሁን አልጠራሁልሽም። ከደን አገር የመጣ ነጋዴ እራት ለማብሰል ማገዶ ሲለኩስ ያዩት ዕለት ምን እንደሚሰማቸው አስቢው።

የቀብሩ ትዕይንት ላይ በሚነድ ቀስት ባሕር ላይ የሚቃጠል መርከብ አስገብተሻል። ለዚያ ማስረጃ የለም። የባግዳዱ መልእክተኛ ኢብን ፋድላን በ922 በቮልጋ ወንዝ ዳር ያየው፣ ሩስ የተባሉት የሰሜን ነጋዴዎች አለቃ ቀብር መርከቡን የብስ ላይ አውጥቶ ማቃጠል ነበር። ሬሳው አሥር ቀን በጊዜያዊ ጉድጓድ ቆየ፤ እስከዚያ ልብሱ ይሰፋል። ከንብረቱ ሲሶው ለቤተሰቡ፣ ሲሶው ለልብሱ፣ ሲሶው ለቀብሩ መጠጥ ይውላል። ይህን ዓይነት ክፍፍል ለአንቺም ሕዝብ አውጪለት። ሰው ሲሞት ማን ምን ያህል እንደሚያወጣ ያወቀ አንባቢ እምነቱን ግማሽ አወቀው ማለት ነው።

ስለ አምልኮው ብዙ ልበልሽ፣ ዋናው ጉድለት እዚህ ላይ ነውና። እኛ ካህን፣ መጽሐፍና ቀኖና ያለው እምነት ስለምናውቅ እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። ንድፍሽ ውስጥ ሊቀ ካህናት አለ፣ ቅዱስ መጽሐፍ አለ፣ መናፍቅም አለ። የሰሜን ሰዎች ግን ለሃይማኖት የተለየ ቃል እንኳ አልነበራቸውም። «ሲድር» ይሉት ነበር፤ «ወግ» ብለሽ ብትተረጉሚው ይስማማል። ክርስትና ሲመጣም «አዲሱ ወግ» ሆነ። አይስላንድ ላይ ጎዲ የሚባለው የአካባቢው አለቃ ነበር፤ ዳኝነቱን የያዘውም መሥዋዕቱን የሚመራውም እሱ ነው። በሊቀ ካህናቱ ፈንታ እርሻና ከብት ያለው፣ ጎረቤት የሚጣላው አለቃ አስቀምጪ።

መሥዋዕቱ ብሎት ይባላል። የአይስላንዱ ታሪክ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን እንደጻፈው በዓመት ሦስት ጊዜ ነበር፤ ብርዱ ሲገባ ለመልካም ዘመን፣ በብርዱ አጋማሽ ለአዝመራ፣ በጋው ሲጀምር ለድል። ገበሬው ሁሉ ስንቁንና ጠላውን ይዞ ይመጣል። ፈረስና ከብት ይታረዳል፤ ደሙ በሳህን ተይዞ በጭራ ግድግዳውና ሰዉ ላይ ይረጫል። ሥጋው በአዳራሹ መሐል በተንጠለጠሉ ድስቶች ይቀቀላል። ከዚያ ጽዋው ይዞራል፤ መጀመሪያ ኦዲን ለተባለው አምላክ፣ ቀጥሎ ንዮርድና ፍሬይ ለተባሉት አማልክት፣ ከዚያ ለሞቱ ዘመዶች። ስኖሪ ይህን የጻፈው አገሩ ክርስትናን ከተቀበለ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ራሱም ክርስቲያን ነበር።

ከጻፋቸው ሁሉ አንዱን በቅርብ እይው። እንግሊዝ አገር በክርስትና ያደገው ንጉሥ ሆኮን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኖርዌይ ተመልሶ ነገሠ። የትሮንድሄም ገበሬዎች የመሥዋዕቱን የፈረስ ሥጋ ብላ አሉት፤ እምቢ አለ። መረቁን ጠጣ አሉት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ የአገሩ መስፍን ያርል ሲጉርድ ገላገላቸው። የድስቱ ማንጠልጠያ ከሥጋው እንፋሎት ስብ ይዞ ነበር፤ ንጉሡ በፍታ ጠቅልሎበት አፉን ከፈተበት። ከሁለቱ ወገን ማንም አልረካም። በረከቱን ለመካፈል መብላት ግዴታ ሲሆን፣ አለመብላትም ከማኅበሩ መውጣት ሲሆን እንዲህ ያለ ሰዓት ይመጣል። አንቺም በዓልሽን ስትጽፊ ከዚህ ጀምሪ፤ ከብቱን ማን አመጣ፣ ደሙን ማን ያዘ፣ የትኛው ብልት ለማን ደረሰ፣ ማንስ ሳይጠራ ቀረ።

እምነታቸው አንድ ወጥ እንዲሆን አትድከሚ። ቀጭኑ ሄልጊ የሚባለው የአይስላንድ ሰፋሪ በክርስቶስ ያምን ነበር፤ ባሕር ላይ ሲወጣና ሲቸግረው ግን ወደ አሮጌው አምላክ ወደ ቶር ይጸልያል። ዴንማርክ ውስጥ ትሬንድጎርደን ላይ የተገኘ የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ መስቀልም የቶር መዶሻም ከቀለጠ ብረት የሚወጣበት ነው፤ አንጥረኛው ለሁለቱም ገበያ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ዕቃ የሃይማኖት ጦርነት ከሚተርክ ምዕራፍ ይበልጣል።

ሕጉን ባዶ ትተሽዋል፣ እዚያ ግን ሀብት አለ። የአይስላንድ ጉባኤ አልቲንግ በ930 ተመሠረተ፤ ሕጉ አልተጻፈም ነበር። ሕግ ነጋሪው በየበጋው ሲሶውን በቃሉ ያሰማል፤ በሦስት ዓመት ያጠናቅቃል። መጻፍ የጀመረው በ1117 ነው። አንቺ ደግሞ ነጋሪው የዘለለውና ማንም ያልተቃወመው አንቀጽ ይሻራል ብትይ፣ የሽማግሌ መርሳት መንግሥት ይገለብጣል። በ1000 ገደማ አይስላንድ በአዲሱና በአሮጌው ወግ ልትከፈል ስትል ነገሩ ለሕግ ነጋሪው ለቶርጌር ተሰጠ፤ እሱ ራሱ አሮጌውን ወግ ይከተል ነበር። ካባውን ተከናንቦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተኛና ሲነሳ ሁሉም ይጠመቅ አለ። የፈረስ ሥጋ መብላትና በስውር መሠዋት ግን ለጊዜው ተፈቀደ። ደም ሲፈስ ካሳ እንደ ሰውየው ማዕረግ ይቆረጣል፤ የአንቺንም በበግ ወይም በብር ሚዛን ወስኚው፣ አለበለዚያ በቀሉ ማቆሚያ ያጣል።

ሴቶቹን ጓዳ ዘግተሽባቸዋል። የመርከብ ሸራ የሚሠራው ከበግ ፀጉር ነበር። በዴንማርክ በአሮጌው አሠራር እንደገና የተሠራው፣ 30 ሜትር የሚረዝመው መርከብ ሸራው 112 ካሬ ሜትር ነው። ያን ሁሉ ፈትሎ መሸመን መርከቡን ራሱን ከመሥራት የማያንስ ጊዜ ይፈጃል። ሴቶቹ ካልፈተሉ ማንም አይዘምትም፤ የዘመቻው ውሳኔ ከእንዝርቱ ይጀምራል ማለት ነው። በትር ይዛ የምትዞረው፣ ቮልቫ የምትባለዋ ጠንቋይም ጥንቆላዋ የሴት ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ያን የሚሠራ ወንድ ይናቃል። የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ግን ራሱ ይሠራዋል። ይህን ቅራኔ አታስታርቂው፣ እንዳለ ተይው።

ሁሉንም አንድ መልክና አንድ ደም ማድረግሽም ልክ አይደለም። ከአይስላንድ የመጀመሪያ ሴቶች ብዙዎቹ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የመጡ ነበሩ፤ ከእነሱም በባርነት የተወሰዱ ነበሩ። ኤስ ኤስ የተባለው የናዚ ጦር፣ ሩን የተባለውን የጥንት የሰሜን ፊደል ለዓርማው የወሰደውም በዚያ የንጹሕ ደም ተረት ነው፤ አንቺ ሳታስቢው እዚያ እንዳትገቢ።

ስለ ስሞቹ ልንገርሽና ላብቃ። በእኛ ፊደል ሳድስ ይነበብ አይነበብ አይለይም። «ስክዮልድ»፣ «ህርይምር» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው በየገጹ ይደናቀፋል። ሁለት ሳድስ ከተከታተሉ ሦስተኛውን አታስከትይ። ኦላፍ፣ ኢቫር፣ ሄልጋ፣ ኬቲል ያለ ችግር ይነበባሉ፤ የአንቺንም በዚያ ልክ ቅረጪ። የአባትን ስም ማስከተላቸው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አይስላንዶች ዛሬም ሰውን በራሱ ስም ነው የሚጠሩት። «ክረምት» ስትዪ አንባቢሽ ዝናብ ነው የሚታየው፤ «የበረዶው ወራት» በይው። ለማር መጠጣቸው «ጠጅ» የሚለው ቃል በቂ ነው፣ ግን የድግስና የትልቅ ቤት አድርጊው። አይስላንድ ላይ ንብ አልነበረም፤ የየቀኑ መጠጥ የገብስ ጠላ ነው።

አሁን አሥራ ሁለቱን አማልክት መሳቢያ ውስጥ ቆልፊና ሁለት ገጽ ጻፊልኝ። የበረዶው ወራት የሚገባበትን በዓል፣ ከእርድ እስከ መጨረሻው ጽዋ። የፊት እግሩን ማን እንደወሰደ እንዳትረሺ። ልክ እንደጨረስሽ ላኪልኝ፤ የዚህን ጊዜ መልስ አላዘገይም።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ሁልጊዜ የምናፍቅሽ ወዳጅሽ