የምስጋና መልእክት፦ ጋሼ ሻምፒዮንን በሐረጎ ቁልቁለት ለሸኛችሁልን ሁሉ

«ጋሼ ሻምፒዮን» ሲባል ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ማንን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በክፍለ ሀገሩ ዘመን ወሎን ወክለው የተወዳደሩ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የከተማውን ልጅ ብስክሌት ሲያስተምሩና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አርባቸው በወጣ በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ ለመታሰቢያቸው ከሆጤ ሜዳ 58 ብስክሌተኞች ተነሱ። ኮምቦልቻም 58 ገቡ። የወደቀ የለም፤ ጉልበቱ የተላጠ እንኳ የለም። ጋሼ ልጆቹ ከውድድር ሲመለሱ ማን አንደኛ ወጣ ከማለታቸው በፊት «ሁሉም ገቡ?» ይሉ ነበር። አዎ ጋሼ፣ ሁሉም ገብተዋል። ያስገባችኋቸው እናንተ ናችሁና ቤተሰባቸው፣ ቅሬያቸው (ዕድራቸው) እና የብስክሌት ልጆቻቸው ምን እንደሠራችሁልን በዝርዝር እየጠራን ልናመሰግናችሁ ወደድን።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ቁልቁለቱ ግን በእኩል የተዘረጋ አይደለም፤ ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዘ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ብስክሌቱን ጨምሮ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያን ያህል ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያፈላል፤ ትልቅ ጀበና ሙሉ ማለት ነው። ከሙቀቱ ነፋሱ ብዙውን ይወስዳል። የቀረው ግን ቀጭን የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ነው የሚያርፈው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ የሚወርድ ልጅ ቸርኬውን ያግለዋል፤ በቸርኬው ግለት የካላማዳርያው አየር ይሰፋል፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ቦታ ካለ ማስቲሹ ይለቃል። የፊት ጎማ ኩርባ ላይ ከፈነዳ ደግሞ መሪው አይታዘዝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋና ለጎሚስታዎቻችን ነው። ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራችሁን ትታችሁ የ58ቱን ብስክሌት የፊት ጎማ አወለቃችሁ። የተለጠፈ ካላማዳርያ በፊት ጎማ አይወርድም የሚለው የጋሼ ሕግ ነበርና 31 ካላማዳርያ በአዲስ ቀየራችሁ፤ የተለጠፉትን ወደ ኋላ አዛወራችሁ። የእጅ ዋጋ አልተቀበላችሁም። አየሩንም በአውራ ጣት እየጫናችሁ በግምት አልሞላችሁም፤ በመለኪያ ነው የሞላችሁት። ለቀጭኑ ጎማ ከ85 እስከ 90 ፒኤስአይ፣ ለወፍራሙ ባለ 26 ኢንች ከ40 እስከ 45። አንዳንድ ልጆች «ቀጭኑ 110 ይችላል፣ ለምን አትሞሉልንም?» ብለው ነበር። መልሱ ይኸው ነው፦ ቸርኬው ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ቢግል በ90 የተሞላው ጎማ ከ105 ያልፋል። 110 የተሞላው ደግሞ ጎማው ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ ይሄዳል፤ ያውም ኩርባው ላይ።

ፍሬን የፈተሻችሁ መካኒኮች፣ እናንተን በምን ቃል እናመስግን? ከፍተሻው ሁሉ አንዱን መናገር ይበቃል። አንድ የኩርኩር ልጅ ይዞት የመጣው ብስክሌት ከውጭ ሲታይ ምንም አልነበረውም፤ የፍሬኑ ሽቦ ያበራል፣ እጀታውም ጠንካራ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ግን እጀታውን እስከ ጥግ ጨብጦ የሽቦውን ራስ ከጎጆው ገፋ አድርጎ አወጣው። ከራሱ ሥር፣ በጣት ጥፍር ስፋት ላይ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክሮች ተበጥሰው እንደ ጤፍ አገዳ ተበታትነዋል። ሽቦ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው፤ በተጨበጠ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ነው፣ የክረምቱ ውሃም እዚያ ነው የሚተኛው። የቀሩት ክሮች በሜዳ ላይ ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ሐረጎ ላይ ግን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይለቁ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ እናቱ ቤት በጤና አለ።

የቀረውንም ልጆቹ እንዲይዙት እንጻፈው፤ ጋሼ በየሳምንቱ የሚያስደግሙት ነው። እጀታው እስከ መጨረሻ ሲጨበጥ ከመሪው ጋር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። የፍሬኑ ላስቲክ ከቸርኬው 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ሲነካም የፊቱ ጫፍ ይቅደም፣ አለዚያ ይጮኻል። ላስቲኩ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፤ በላዩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ይጣል። የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዘወዝ መሪው ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አንገቱ ላልቷል ማለት ነው። የካቴናው 12 ሙሉ ቀለበት 12 ኢንች ነው፤ በሦስት ሚሊ ሜትር ከረዘመ የሚዞርበትን ጥርስ ሁሉ ይበላል። ካቴና ዘይት ይጠጣል፣ ቸርኬ ግን በፍጹም። ዘይት የነካው ቸርኬ በሳሙና ይታጠብ።

አወራረዱንም እንዳስተማሩት ነው ያደረጉት። ቀጥታው ላይ ፍሬን ለቀቅ፣ ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ወደ ኩርባው ሲገቡ መልቀቅ፤ ቸርኬው የሚቀዘቅዘው በዚያች በተለቀቀችው ጊዜ ነው። ስድስት ስድስት እየሆኑ በየሁለት ደቂቃው ተነሱ፤ በመካከላቸው 20 ሜትር ትተው፣ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ። በዚያ ፍጥነት 20 ሜትር ሁለት ሰከንድ ነው፤ የፊተኛው ቢወድቅ የኋለኛው አይቶ ለመያዝ ከዚያ ያነሰ አይበቃውም። ከፊት የመሩት የጋሼ የመጀመሪያ ተማሪዎች ማንንም አላሳለፉም። ወጣቶቹም መቅደም እየቻሉ ስላልቀደሙ እናመሰግናቸዋለን፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትራፊክ ፖሊሶች፣ የባጃጅ ልጆች፣ የአይሱዙና የከባድ መኪና ሾፌሮች፦ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭናችሁን ይዛችሁ ቆማችሁልናል። ከኮምቦልቻ የሚወጣ መኪና ኩርባ ላይ መስመር ሰብሮ ቢመጣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ አልነበረውም። በጎቻቸውን ከመንገድ ላይ አንስተው ጠርዙ ላይ ያሰለፉት እረኞችም ከሾፌሮቹ እኩል መንገዱን ጠብቀዋል።

ሐረጎ ላይ ለምትኖሩ እናቶች ደግሞ ለብቻው እንጽፋለን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገዱን ሊያዩ የወጡት ልጆች አንድ ኩርባ ላይ ናፍጣ ፈስሶ አገኙ። ጤዛ የነካው ናፍጣ ለቀጭን ጎማ ከበረዶ አይሻልም፤ በውሃ ቢታጠብ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። ማንም ሳይጠራችሁ ከየምድጃችሁ አመድ በሰፌድ ይዛችሁ ወጣችሁ። ነሰነሳችሁበት፣ እስኪጠጣው ጠበቃችሁ፣ በመጥረጊያ ጠረጋችሁት፣ እንደገና ነሰነሳችሁ፣ እንደገና ጠረጋችሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲደርሱ አስፋልቱ ላይ የቀረው ግራጫ ምልክት ብቻ ነበር። አላህ ይስጥልን፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።

የደሴ ብርድም መነሳት አለበት። የበረደው ጣት ፍሬን አይጨብጥም። ጋዜጣ ሻጮቻችን ያደሩ ጋዜጦችን በነፃ ሰጣችሁን፤ በደረት ላይ ከሸሚዝ ሥር ሁለት እጥፍ ሲደረግ ነፋሱን ይይዛል፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ይጣላል። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፣ ከእሱ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም።

በሶውን ለፈጩልን እናቶች፦ ለአንድ ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ለመውረድ ያን ያህል ምግብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ተመልሰው በፔዳል ለወጡት 14 ልጆች ነበር፤ በየአርባ ደቂቃው ጠጥተው አንዱም ጉልበቱ ሳይከዳው ደሴ ገባ። ካምቢዮ የሌላቸውን ብስክሌቶች በመኪናው ጭኖ ያወጣልን የአይሱዙ ባለቤት ነዳጁን እንኳ አላስከፈለንም።

ከከሚሴና ከጨፋ ለመጡት ልጆች ቅዳሜ ማታ የወባ ምርመራ ያደረጋችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የጋሼን አደራ ነው የጠበቃችሁት። ጋሼ የጣሊያኑን ብስክሌተኛ የፋውስቶ ኮፒን ታሪክ ሳይነግሩ ማንንም ወደ ቆላ ለልምምድ አላወረዱም። ኮፒ ጂሮ ዲ ኢታሊያን አምስት ጊዜ፣ ቱር ደ ፍራንስን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ የያኔዋ ኦት ቮልታ ሄዶ ተወዳድሮ ሲመለስ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሞቹ ወባ ይሆናል ብለው አላሰቡም፤ በታኅሣሥ 1952 ዓ.ም. በ40 ዓመቱ ሞተ። አብሮት የሄደው ፈረንሳዊው ራፋኤል ጄሚኒያኒ ግን ወባ መሆኑ ታውቆ ኪኒን ተሰጠውና ዳነ። ትኩሳቱ ከተነከሱ ሳምንት ወይም ከዚያም ቆይቶ ስለሚነሳ፣ ጨፋ አድሮ የተመለሰ ልጅ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማው ደሙን ያስመርምር፤ ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ።

ሆጤ ላይ ንግግር ያደረጉልን አባት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በወጣችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከአትሌቲክስ ሌላ የተሰለፈችው በብስክሌት ብቻ እንደነበር፣ ገረመው ደንቦባም ከተሰለፉት አንዱ እንደነበር ለልጆቹ አስታወሱልን። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጋሼ እንደ ልጃቸው ሠርግ ነበር የተደሰቱት። ሼሁ ዱዓ አድርገውልናል፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰውልናል፤ ቅሬው ድንኳኑንና ጀበናውን ይዞ እስከ በረካ ድረስ አልተለየንም። «አብሽሩ» ያላችሁን ሁሉ፣ ቃላችሁ ቤታቸው ውስጥ አለ።

ይመጣል የተባለ አምቡላንስ አልመጣም። ያን ክፍተት የሸፈነው ሚኒባሱን ከኋላ ያስከተለልን ወንድማችን ነው፤ መቀመጫውን አጥፎ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ እስከ መጨረሻው ብስክሌተኛ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳ። ፍራሹ ሳይነካ ተመለሰ፤ ተመስገን።

የተረፉት 9 ካላማዳርያዎችና 4 የፍሬን ሽቦዎች ቅሬው ቤት ተቀምጠዋል፤ መግዛት የማይችል ልጅ መጥቶ ይውሰድ። ከጎሚስታዎቹ የተዋስናቸው ሁለት መንፊያዎችና አንድ የአየር መለኪያ ማክሰኞ ይመለሳሉ። ኮምቦልቻ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የግራ እጅ ጓንትና ሰማያዊ የሕፃን ሹራብ ተገኝቷል፤ ባለቤቶቹ ከቅሬው ዳኛ ይጠይቁ።

ቤተሰባቸው፣ ቅሬያቸው እና የደሴና የኮምቦልቻ የብስክሌት ልጆቻቸው