ዝባሌ፣ ትራሽ፣ ውዳቂ፦ ለልጄ

ሚጡዬ እንዴት ነሽ የኔ ሆድ? እኛ ደህና ነን፣ አያትሽም ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል፣ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። ትናንት ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ይሄን የምጽፍልሽ። ቴሌግራም ላይ በድምፅ ልልክልሽ ነበር ግን እንባ እንባ ሲለኝ ተውኩት። "እማ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ማታ ማታ ግን ቢሮ ነው የማጸዳው፣ የሰው ቆሻሻ ነው የማወጣው" አልሽና ዝም አልሽ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ ልጄ፣ ቤሩት እያለሁ ለአያትሽ ስደውል እኔም እንደዛ ነበር ዝም የምለው። ከዛ ወሬ ለመቀየር "በርሜሉ ላይ ትራሽ ይላል፣ አብረውኝ የሚሰሩት ደግሞ ጋርቤጅ ይላሉ፣ ልዩነቱ ምንድነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ትርጉም ቤት ስለምሰራ አላጣውም ብለሽ ነው። ያኔ አልመለስኩልሽም። አሁን ልመልስልሽ፣ ግን ከቤሩት ነው የምጀምረው፣ እኔ የነዚህን ቃላት ነገር መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለማ።

በ2003 ለቤት ሰራተኝነት ስሄድ አንቺ ገና 4 አመትሽ ነበር። ዐረብኛ የሚባል ነገር አንዲት ቃል አላውቅም። መጀመሪያ የያዝኳት "ክቤ" የምትለዋን ነው፣ ሴት ሲያዙ ጣይ፣ ድፊ ማለት ነው። ማዳም ጠዋት ተነስታ "ክቤ ኤል ዝባሌ" ትለኛለች፣ ቆሻሻውን ጣይ፣ ማታም እንደዛው፣ በቀን 3 ጊዜ 4 ጊዜ ስለምሰማት ከጆሮዬ አልጠፋ አለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንግዳ መጣባቸው፣ ማዳም ከሳሎን ሆና "ኤል ክቤ! ኤል ክቤ!" እያለች ስትጣራ ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ቡናማ ነገር የሞላበት ትልቅ ትሪ አለ፣ የተበላሸ ነው የምትለኝ መሰለኝና አንስቼ እንዳለ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። ለካ ክቤ የምግብም ስም ነው! ስንዴ ክክና ስጋ አንድ ላይ ተወቅጦ የሚሰራ፣ ሊባኖሶች እኛ በዶሮ ወጥ እንደምንኮራው የሚኮሩበት ምግብ። ማዳም ጮኸች፣ ከደሞዜ እንደምትቆርጥ ነገረችኝ፣ እውነትም ቆረጠች። እጄ ሲንቀጠቀጥ እስካሁን ይታየኛል።

ማታ ላይ የሚስተር፣ የማዳም ባል፣ እናት ኩሽና ገቡ። ቴታ ነበር የምላቸው፣ አያቴ ማለት ነው፣ ጡረታ የወጡ የዐረብኛ አስተማሪ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ሳህን ላይ ተርፎ የነበረ አንድ ክቤ አነሱና አሳዩኝ፣ "ክቤ"። ቀጥለው ባዶ እጃቸውን ወደ ባልዲው ወርወር አደረጉ፣ "ክቤ"። ከዛ ናፕኪን ላይ ሁለቱንም ጻፉልኝ፣ በጆሮ አንድ የሆኑት ቃላት ጽሑፍ ላይ መጨረሻቸው ይለያያል። ከዛን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ፣ ማዳም ስትተኛ፣ አንድ አንድ ቃል ያስተምሩኝ ነበር። ዛሬ ትርጉም ቤት ቁጭ ብዬ የማገኘው እንጀራ ከዛ ናፕኪን ነው የመጣው ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ቀን የማዳም ትንሹ ልጅ ተናዶብኝ "ያ ዝባሌ" ብሎ ሰደበኝ፣ አንቺ ቆሻሻ ማለቱ ነው። ቴታ ሰሙት። ልጁን ተቆጡት፣ እኔን ግን ማታ ጠሩኝና የቃሉን ሥር አወጡልኝ። ዝባሌ የሊባኖስ አነጋገር ነው፣ መጽሐፍ ላይ ዙባላ ነው የሚባለው፣ ሥሩ ደግሞ ዚብል ነው። ዚብል እበት ነው፣ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ፍግ። እበት ሲሉኝ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ አያትሽ መንዝ ላይ በእጇ እበት ጠፍጥፋ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ፣ ደርቆ ኩበት ሲሆን እንጀራ ስንጋግርበት። እዛ ቤት የሚጣል ነገር አላውቅም እኮ። አተላው ለላሟ ነው፣ አመዱ ለጓሮው ነው፣ ጭዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ይሆናል። ለቴታ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ይሄን ስነግራቸው ሳቁና "እኛም ተራራው ላይ ስናድግ እንደዛው ነበርን" አሉኝ።

የእንግሊዝኛውን በኋላ ነው ያገኘሁት፣ እዚህ ቢሮ ያለውን ወፍራም ዲክሽነሪ ስራ ሲቀዘቅዝ አገላብጣለሁ። ጋርቤጅ የኩሽና ቃል ነበር። የዛሬ 500 እና 600 አመት እንግሊዞች ጋርቤጅ የሚሉት የዶሮ እግር፣ ጭንቅላት፣ የሆድ ዕቃ ነው፣ እሱንም ይቀቅሉት ነበር። ለዛ ነው አሜሪካኖች እስካሁን ድረስ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ምግብ የሚፈጨውን ማሽን በጋርቤጅ የሚጠሩት፣ አክስትሽ ቤት ያለውን ማለቴ ነው። ትራሽ ደግሞ ደረቁ ነው፣ ድሮ ጭራሮና ቅርንጫፍ ማለት ነበር፣ ሸንኮራ እርሻ ላይ ከአገዳው የሚላጠው ቅጠል አሁንም ትራሽ ነው የሚባለው። ስለዚህ ጥንቅቅ ያለ ሰው እርጥቡን የምግብ ትራፊ ጋርቤጅ፣ ወረቀትና ካርቶኑን ትራሽ ይለዋል፣ አብዛኛው ሰው ግን አሁን ደባልቆታል፣ አንቺም ብትደባልቂው ማንም አይታዘብሽም። ጀንክ የመርከበኞች ነው፣ ያረጀ ገመድ፣ ፈታተው ከሬንጅ ጋር በመርከቡ ሳንቃ መሃል ይወትፉታል ውሃ እንዳያስገባ። ዌስት የሚለው ከላቲን የመጣ ነው፣ ሰው የሌለበት ባዶ ምድር፣ እኛ ጠፍ መሬት የምንለው።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ግን ሊተር ነው። መንገድ ላይ የሚጣለው ወረቀት ምናምን ሊተር ይባላል አይደል፣ አትጣሉ ብለው ይጽፋሉ። ሊተር መጀመሪያ አልጋ ነው! ሰው ተኝቶ የሚሸከሙት አልጋ ነበር፣ ከዛ ለመኝታ የሚነጠፈው ጭድ ሊተር ተባለ፣ ለከብቱም ጋጣ ውስጥ የሚነጠፈው፣ ከዛ ጭዱ ተበትኖ ሲታይ የተበተነ ነገር ሁሉ ሊተር ሆነ። ለዚህ ነው የድመት ግልገሎች አንድ ላይ ሲወለዱ ሊተር የሚባሉት፣ ባንድ አልጋ ስለተወለዱ። አንቺ ያያትሽን የሳር ፍራሽ ታስታውሽው ይሆን? ጠዋት ስትነሺ ፀጉርሽ ውስጥ ጭድ እየለቀምኩ ነበር የማበጥርሽ፣ አንቺ ደግሞ "ተይ እማ አሞኛል" እያልሽ ታለቅሻለሽ። ያችን ጭድ ነው እንግሊዞች ሊተር የሚሉት።

አሁን የከበደውን ልንገርሽ። በሐምሌ 2007 ቤሩት ቆሻሻ የሚጣልበት ናዕሜ የሚባለው ቦታ ተዘጋ፣ ሌላ ቦታም አልተዘጋጀም፣ የከተማው ቆሻሻ ባለበት ቆመ። ባንድ ሳምንት መንገዱ በከረጢት ተሞላ፣ በዛ ሙቀት፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበታል፣ አንዳንዱ ቦታ ያቃጥሉታል፣ እኔ ሌሊት በረንዳ ላይ ስለምተኛ ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ሰዉ "ጠልዐት ሪሐትኩም" ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ ለባለስልጣኖቹ ነው፣ ሸተታችሁ፣ ሽታችሁ ወጣ እንደማለት። ቲቪው ግን ዝባሌ አይልም፣ ጨዋ ቃል አለው፣ ኑፋያት ይላል፣ ጠዋት ማታ ኑፋያት ኑፋያት። ቴታን ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ሥሩ ነፍይ ነው" አሉኝ፣ ነፍይ ማለት "አይደለም" ብሎ መካድ ነው፣ ደግሞም ካገር ማባረር ነው፣ የተባረረ ሰው የሚኖርበት ቦታ መንፋ ይባላል፣ ስደት። ያኔ እኔ 4 አመት ሙሉ ልጄን አላየሁም። ኑፋያት የተባረሩት ማለት ነው ሲሉኝ እዛው ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ቴታም አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ በዛ ጉልበታቸው።

ከዛ ወዲህ ነው ነገሩ የገባኝ። ኢሜል በዐረብኛ ስትከፍቺ የተጣለው ፋይል የሚገባበት ሙህመላት ይባላል፣ ችላ የተባሉ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም ሬፊዩዝ አለልሽ፣ ቆሻሻ ማለት ሆኖ ፊደሉ እምቢ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፣ አጠራሩን ከፊት ካጠበቅሽው ቆሻሻ፣ ከኋላ ካጠበቅሽው እምቢ ማለት። እምቢ የተባለ፣ ችላ የተባለ፣ የተባረረ... ቃሎቹ ስለ ዕቃው ምንም አይናገሩም ልጄ፣ የሚናገሩት ጣዩ ምን እንዳደረገ ነው። የኛው አማርኛ ግን ውዳቂ ይላል፣ የወደቀ፣ ራሱ ወድቆ የቀረ ይመስል፣ የጣለው ሰው የለም። ሰውንም "ውዳቂ" እንለዋለን ማን እንደጣለው ሳንጠይቅ። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ እኔ ገና ቤሩት ነበርኩ፣ በስልክ ነው ያየሁት። ከ110 ሰው በላይ ነው የሞተው፣ ቆሻሻው ተራራ ሆኖ እላያቸው ላይ ተናደ፣ እዛው ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉ። ሰፈሩን ቆሼ አሉት፣ ሰዎቹንም የቆሼ ልጆች። ካይሮም እንዲሁ ነው፣ ሙቀጠም ተራራ ሥር ዘባሊን የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው፣ የከተማውን ቆሻሻ ከየቤቱ ሰብስበው፣ ለይተው፣ የሚሸጠውን ይሸጣሉ፣ የምግቡን ትራፊ አሳማ ይቀልቡበት ነበር። በ2001 በኛ አቆጣጠር የአሳማ ጉንፋን መጣ ተብሎ መንግስት አሳማዎቹን አረደባቸው፣ ከዛ የካይሮ ጎዳና በበሰበሰ ምግብ ተሞላ። ከተማው ምን ይሰሩለት እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

በ2012 ደግሞ፣ እኔ ከተመለስኩ በኋላ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አንዳንድ አሰሪዎች የኛን ሴቶች ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ትተዋቸው ሄዱ፣ አስፋልት ላይ አደሩ። እዛ የቀረች ጓደኛዬ ደውላ የነገረችኝ በዐረብኛ ነው፣ "ከቡሃ" አለችኝ ስለ አንዷ፣ ጣሏት፣ ደፏት። ያችው ክቤ የምትለዋ ቃል ናት። በአማርኛ ልትለው አልቻለችም መሰለኝ።

እና ሚጡዬ ማታ በርሜሉን ስትገፊ ማንም ምንም ቢልሽ አንቺ የጣልሽው ነገር የለም፣ ሌላው የጣለውን ነው የምታነሺው። ጓንት ግን አድርጊ እሺ? ብርጭቆ ስባሪ ይኖራል፣ እኔ ግራ እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ። እንዲሽር ሎሚ አድርጊበት ቢሉሽ እንዳትሰሚ፣ በንጹህ ውሃ እጠቢና ለአለቃሽ ተናገሪ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ያ ትራሽ ከሚለው አጠገብ ያለው በርሜል ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በስፓኒሽም ተጽፎበታል ብለሽኝ ነበር። የስፓኒሹን አላውቀውም፣ አብራሽ የምትሰራዋን ሴትዮ ከየት እንደመጣ ጠይቂልኝ።

እናትሽ